ሐረር ላሉት የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያ ምስጋና፣ እብጠት ላለባችሁም ጥቆማ

ከድሬዳዋ የምንልከውን ናሙና (ከታካሚ ተቆርጦ የወጣ ሥጋ) ሐረር ላይ ለሚረከቡን ባለሙያ፦ አቦ ይመችዎት! ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም። አድራሻቸውን የሚፈልግ የጤና ባለሙያ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

የሳርኮማ (እንደ ጡንቻና ስብ ካሉ ለስላሳ የሰውነት ክፍሎች የሚነሳ ካንሰር) ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ናሙናው ማይክሮስኮፕ ስር ሳይደርስ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያዩት ናሙናው የተነከረበትን ፈሳሽ ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን 10 በመቶ፣ መጠኑም የሥጋው 10 እጥፍ መሆን አለበት። በሳላይን (ጨዋማ ውኃ) የተላከ ሥጋ በድሬ ሙቀት በመንገድ ላይ ያለውን የደንገጎ ዳገት ሳይሻገር መበላሸት ይጀምራል። አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ የተጠቀጠቀም ቅርጹ ይጠፋል። ትልቅ ዕጢ ሳይሰነጠቅ ከተነከረ ላዩ ደህና ሆኖ መሃሉ ይበሰብሳል፤ ከመሰንጠቁ በፊት ግን ጠርዙ ቀለም ይቀባ።

ቀጥሎ ከናሙናው ጋር የሚላከው የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት። «እብጠት፣ ጭን» ብቻ ተጽፎ ከሄደ ስልክ ይደወላል፦ «ዶክተር፣ ቀኝ ነው ግራ? ስንት ሳንቲ ነው? ከጡንቻው ሽፋን በላይ ነው በታች?» ይሰለቻል፣ ግን ልክ ናቸው።

ሳርኮማ ሁሌ እብጠት ሆኖ አይመጣም። ሳይኖቪያል ሳርኮማ የሚባለው ዓይነት ወጣቶች ጉልበት አካባቢ ለዓመታት ሕመም ብቻ ሆኖ፣ ወጌሻ ሲያሸው ሊከርም ይችላል። ኤፒተሊዮይድ ሳርኮማ ጣት ላይ የማይድን ቁስል፣ አንጂዮሳርኮማ ደግሞ የአዛውንት ራስ ቆዳ ላይ የበለዘ ምት ይመስላል። ሶሊታሪ ፋይብረስ ቲዩመር የሚባለው አልፎ አልፎ የስኳር በሽታ የሌለበትን ሰው የደም ስኳር ያወርዳል።

ወደ እብጠቱ ስንመለስ፣ ከ5 ሳንቲሜትር የበለጠ፣ እያደገ ያለ፣ ጠለቅ ያለ ወይም ወጥቶ የተመለሰ እብጠት ካለባችሁ «ስብ ናት፣ አሁኑኑ ትውጣ» ስትባሉ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኤምአርአይ፣ ከዚያ በወፍራም መርፌ (የውፍረት ቁጥሩ 14 ወይም 16 ጌጅ) ባዮፕሲ (ለምርመራ ሥጋ መውሰድ)፣ ሳርኮማ ከሆነ የሳንባ ሲቲ ስካን። ቀጭኑ መርፌ ርካሽ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ዓይነቱን አይለይም። መርፌው የሚገባበትን ቦታ ዕጢውን የሚያወጣው ሐኪም ይምረጥ፤ መርፌው ያለፈበት መስመር ከዕጢው ጋር ተቆርጦ ይወጣልና። እጅና እግር ላይ በአግድም የተቀደደ ባዮፕሲ ቀጣዩን ቀዶ ጥገና ያሰፋዋል።

ለሕክምና አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ የውጤት ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ተጨማሪ የቀለም ምርመራ ካስፈለገ የሚሠራው ናሙናው በሰም ተቀብሮ ከተቀመጠበት ብሎክ ላይ ነው። የሐረሩ ባለሙያ ብሎኩን በቁጥር ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ጠይቃችሁ፣ ፈርማችሁ ውሰዱ። ሙቀት ላይ እንዳትተዉት፣ ሰሙ ይቀልጣል።