ለሻካራ ክንድ፦ ዩሪያ ወይስ ሳሊሲሊክ አሲድ?

የታናሽ እህቴን ክንድ ስዳብሰው ላባው የተነጨ ዶሮ ቆዳ ይመስላል። ጥቃቅን፣ ሻካራ ነጠብጣብ ሞልቶታል። ኬራቶሲስ ፒላሪስ ይባላል። ኬራቲን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን ፀጉር የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ሲደፍን የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጉዳትም የለውም። ብዙ ጊዜ ግን በዘር ይወረሳል። ደሴ ላይ ከጥቅምት በኋላ ደረቁ ብርድ ሲገባ ይብስባታል። ኮምቦልቻ አክስታችን ጋ ስትሰነብት ለስለስ ይልላታል።

ሁለት ቅባት ሞክራለች። ዩሪያ ያለበት ቅባት ውሃን ቆዳው ውስጥ ይይዛል፤ የጠጠረውንም ያለሰልሳል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ያለው ይበቃል። በለብታ ውሃ ትታጠብና ገላዋ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ትቀባዋለች። ለውጥ ለማየት ግን ሳምንታት ጠበቀች።

ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ የሞተውን ቆዳ ይልጣል። ክንዷ ቶሎ ለሰለሰ፤ ግን ደረቀ፣ አቃጠላትም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ ሰፊ ቦታ ላይ ባይቀቡት ይሻላል።

ለደሴ ብርድ እኔ ዩሪያውን ነው የምለው። ሳሊሲሊኩን ኮምቦልቻ ላለ፣ ቆዳው ቶሎ ለማይቆጣ ሰው እተወዋለሁ። እባካችሁ በሻካራ ነገር አትፈትጉት፤ እህቴ ፈትጋው ጥቁር ምልክት ትቶባታል። ሁለቱም ቢሆኑ ሲያቆሟቸው ሽፍታው ይመለሳል። ብዙዎች ላይ ግን ዕድሜ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል።