የቴሌግራም ፖል ለብሎክ ስብሰባ፦ ለመብራት ጥሩ ነው፣ ለመዋጮ ግን ተጠንቀቁ

ጅማ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የብሎክ ስብሰባን ያውቀዋል። እሁድ ጠዋት ይጠራል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ የመጡት ጥቂት ሰዎች ኮሚዩናል ውስጥ ተጨቃጭቀው ይበተናሉ። ኮሚቴያችን ድምፅ አሰጣጡን ወደ ቴሌግራም ፖል ሲያዞረው ሁላችንም እፎይ አልን።

ለጥቃቅን ጉዳይ በጣም ተመችቶኛል። ነፃ ነው፣ ብዙ ዳታ አይበላም፣ ሥራ ላይ ያለውም አንዴ ነክቶ ይመርጣል። የደረጃው መብራት፣ የጽዳት ቀን፣ ግቢው በስንት ሰዓት ይዘጋ? ማንም ሳይጣላ አለቀ።

ጣጣው በሮቶ መጣ። ለጋራ ሮቶና ፓምፕ ቤት ለቤት ይዋጣ ወይ ተባለ፣ «አዎ» በሰፊው አሸነፈ፣ ብሩ ሲሰበሰብ ግን ከፋይ ጠፋ። ፖሉ የሚቆጥረው አካውንት እንጂ ቤት አይደለማ! ከአንድ ቤት ባል፣ ሚስትና ልጆች እየተከታተሉ «አዎ» ብለዋል። አዲስ አበባ ያለው አከራይ ደግሞ ግሩፑ ውስጥም የለም፤ በኮንዶሚኒየም አዋጅ 370/1995 ማህበሩ የቤት ባለቤቶች ሆኖ ሳለ ተከራይ መርጦለት ክፈል ተባለ። ምድር ላይ ያሉት እትዬ ስልካቸው ባለ በተን ነው። ውሃ ሌሊት ሲለቀቅ እሳቸው ጋ ይደርሳል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላለነው ነው ግፊቱ የማይበቃው። «ለእናንተ ፓምፕ እኔ ምን በወጣኝ?» አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው፣ ፖሉ ላይ ግን ይህን የሚጽፉበት ቦታ የለም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1972 ዴንማርክ ውስጥ ሴተዳመን የሚባል፣ ጎረቤቶች የየራሳቸው ቤት ኖሯቸው ሌላውን የሚጋሩበት መንደር ከተሠራ ወዲህ፣ በዚያ ዓይነት የጋራ መንደር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች የሚወስኑት በእጅ ብልጫ ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ ባለ ቀለም ካርድ ይይዛሉ፤ ቀይ ያነሳ ሰው ምክንያቱን ይናገራል፣ ሐሳቡም በዚያው ይታረማል። እኛም ያለ ካርድ የጨረስነው እንደዛ ነው። እትዬ ቤት ቡና ተፈላ፣ ለሮቶው ሁሉም እኩል እንዲያዋጣ፣ ለፓምፑ ግን ከአንደኛ ፎቅ በላይ ያለን ብቻ እንድንከፍል ተስማማን። ቶናው ሳያልቅ።

ፖል የምትጠቀሙ ከሆነ «አኖኒመስ ቮቲንግ» የሚለውን ከመላካችሁ በፊት አጥፉት፤ አለበለዚያ ማን ምን እንደመረጠ አይታይም። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይምረጥ፣ የቴሌግራም ስሙ ጎንም የቤት ቁጥሩን ይጻፍ። ጥያቄውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አድርጉት። ሰው ድምፁን መልሶ ማንሳት ስለሚችል ሲያልቅ ፖሉን ዝጉትና ስክሪንሾት ያዙ። ስማርት ስልክ የሌለውን ደግሞ በር አንኳኩታችሁ ጠይቁ።

ለመብራትና ለጽዳት ከ5 5 እሰጠዋለሁ። ብር ለሚወጣበት ጉዳይ 2፣ እሱም ሰውን ከስብሰባው በፊት ስለሚያነቃቃ ነው።