ሸዋበር ያለችው ሻወር ቤት እና የቆየብኝ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ጓደኛዬ ለለቅሶ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛ ቤት አረፈ። ውሃ ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ደሴ ውሃ በፈረቃ መሆኑን የከተማው ሰው ያውቃል፣ ፈረቃው ራሱ ሲጠፋ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጠዋት ከጀሪካን እየቀዳሁ ፊቱን አስታጠብኩትና "ገላ የሚታጠቡበት ቦታ የለም እንዴ?" አለኝ። "አለ እንጂ" ብዬ ሸዋበር ይዤው ሄድኩ። ታጥቦ ሲወጣ ፊቱ ወዝቶ "ስለዚህ ቤት ለምን አትጽፍም?" አለኝ። አፈርኩ። መጻፍ የነበረብኝ ከዓመታት በፊት ነው።

ታሪኩን የማትፈልጉ ሰዎች ቶሎ አንብባችሁ እንድትሄዱ ጥቆማውን ላስቀድም። ቤቷ አምስት ክፍል አላት። ጣሪያው ላይ ሁለት ሮቶ አለ፣ ስለዚህ ከተማው ሲደርቅም እዚያ ውሃ ይገኛል። መብራት ከጠፋ ጓሮ በእንጨት የሚያሞቁት ትልቅ በርሜል አለና "ዛሬ ቀዝቃዛ ነው" ተብላችሁ አትመለሱም። አንድ ሰው በወጣ ቁጥር ወለሉ በበረኪና ይታጠባል። ፎጣ ያከራያሉ፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ንጹህ ፎጣ ነው። ዋጋቸው ከሌላው አይበልጥም። ጉድለቱንም ልናገር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋው አያድርስ ነው። ባለቤቷም ውሃ ታባክናለህ ብለው ካሰቡ በሩን ያንኳኳሉ፣ ማንም ሁን ማን። እኔ ስንት ጊዜ ሳሙናዬን ሳልለቀለቅ "ቲቸር፣ ሮቶው የአባይ ወንዝ መሰለህ?" ተብያለሁ።

ስትከፍሉ ወረቀት አይሰጧችሁም። ቆርኪ ነው የምትቀበሉት፣ የለስላሳ ቆርኪ። ተራችሁ ሲደርስ ቆርኪውን ጣሳ ውስጥ ጥላችሁ ትገባላችሁ። ዛሬ ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚህ ቆርኪ የተነሳ ነው።

ነገሩ የኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እኔም አስተማሪ ነኝና ቤት ገባሁ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ። ስልክ ስትደውል እንኳ ከጥሪው በፊት የሚሰማህ ስለ እጅ መታጠብ ነው። መናኸሪያው አጥር ሥር በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የሚያድር አንድ ልጅ፣ ቤታችሁ ቆዩ ሲባል በሰማ ቁጥር ይስቅ ነበር። "እኔ ከቆየሁ ቆየሁ፣ ጣሪያው ነው የቀረኝ" ብሎኛል።

ረሃቡ ከበሽታው ቀድሞ ደረሰ። የበረንዳ ልጆች የሚኖሩት በምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፣ ያውም እዚሁ ከተማ ተወልጄ አድጌ። የሚበሉት ቡሌ ነው፣ ከሆቴልና ከምግብ ቤት የሚተርፈው። ሆቴሉ ሰው ሲያጣ ቡሌው ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሲሸኝ ደግሞ የካፌው ትራፊ ቀረ። መናኸሪያው ጭር ሲል ሻንጣ መሸከምና መኪና ማጠብም አበቃ። የኔ ቢጤዎቹም ቅዳሜና እሑድ የቤተክርስቲያን ደጅ፣ ዓርብ ለጁምዓ የመስጊድ በር ይቀመጡ ነበር፣ ሁለቱም ተዘጋባቸው። ያ ሰሞን ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፣ ረመዳን ሚያዝያ 16 ገባ። በሌላ ዓመት ቢሆን ከሁለቱም ቤት የሚጠግቡበት ወቅት ነበር።

እኛ ጥቂት የሰፈር ልጆችና አስተማሪዎች ሆነን ዳቦና ንፍሮ ማዞር ጀመርን። ማዕድ ማጋራት በየቦታው የሚወራበት ጊዜ ነው። እጅህን ታጠብ እያልን ዳቦ የምንሰጠው ልጅ ግን የሚታጠብበት ውሃ የለውም። ድሮ የሚታጠብበት የሆቴል ቧንቧ ተዘግቷል፣ የመስጊዱ ውዱእ ማድረጊያም ተዘግቷል። የቀረው ቦርከና ወንዝ ነው፣ እሱም የከተማውን ቆሻሻ ይዞ የሚወርድ።

የሻወር ቤቷ ባለቤት እትዬ ጋ የሄድኩት አንድ ጀሪካን ውሃ ልለምን ነው። (ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል፣ እኛም ከድሮ ጀምሮ እትዬ ነው የምንላቸው።) በር ላይ ቆሜ ነገሩን አስረዳኋቸው። "ጀሪካን ምን ይሠራልሃል? ልጆቹን አምጣቸው እንጂ" አሉኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ደስ አለኝ፣ ግን ወዲያው ሌላ ነገር አሰብኩና "እትዬ፣ ደንበኛ እንዳይሸሽብዎት ማታ ማታ ባመጣቸውስ?" አልኩ። አየት አደረጉኝ።

"ቲቸር፣ የምታስተምረው ምንድነው?"

"ሒሳብ።"

"እንግዲያ ብርድ አላስተማሩህም። ማታ በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ እርጥብ ልብስ አልብሼ በረንዳ ላይ ላስተኛው? ኮሮናው ሳይደርስ እኔ ልጨርሰው?"

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ደግሞ ያደረበት ያውቀዋል። እሳቸው ልክ ነበሩ፣ ግን እኔ የፈራሁት ብርዱን አልነበረም፣ ከነሱ ጋር ወረፋ ላይ መታየትን ነው። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አዳራሽ አይጠየፍ ያሉት ድሃም ሀብታምም ስለሚበላበት ነው ይባላል። እኔ አይጠየፍ ባለበት ከተማ ተወልጄ ተጠየፍኩ።

ቀን እንዲሆን ተስማማን። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት፣ ፀሐይ ባለበት፣ ልብስም እንዲደርቅ። ደጁ ላይ በየሁለት ሜትሩ በኖራ ክብ አሰመርን። ክፍያውን ሳነሳ "ነጻ የሚባል ነገር እዚህ የለም፣ ወረፋ የሚይዝ ሁሉ ደንበኛ ነው" አሉ። ከዚያ ነው ቆርኪው የመጣው። የሚችል ሰው አስቀድሞ የአምስትም የአሥርም ሰው ይከፍላል፣ በቁጥሩ ቆርኪ ይወስዳል፣ ለልጆቹም ለአዛውንቶቹም እናድላለን። በሩ ላይ ግን ከፋዩም የተከፈለለትም የሚያስገባው ያንኑ ቆርኪ ነው። ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። መጀመሪያ እኔ የቢራ ቆርኪ ለቅሜ ሄጄ ነበር፣ ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ እያለ ቆርኪ ለምን ይቸግረናል ብዬ። "በረመዳን የቢራ ቆርኪ ይዘህልኝ መጣህ?" ብለው አባረሩኝ። በለስላሳ ተተካ።

ቆርኪ እጁ ላይ ይዞ የቆመ ሰው አቋቋሙ ይለያል። በተለይ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ቆርኪያቸውን እንደ ወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚመጡ፣ ክፍል ሲለቀቅ "ተራዬ ነው፣ እለፉ እንጂ አትበሉኝ" ብለው ከፊት የሚቆሙ። ሌላ ቦታ ድምፃቸውን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ገላ መታጠቡ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ይሄንን ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር የሚያስብ ሰው ልብ ይበል። የልብስ ቅማል የሚኖረው ገላ ላይ አይደለም፣ ልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። ገላ ላይ የሚወጣው ደም ሊመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየውን አጥበህ ያንኑ ልብስ ካለበስከው በማግስቱ እዚያው ነህ። እትዬ ይሄን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። "ልብሱ ካልፈላ ሳሙናዬን አታስጨርሰኝ" አሉ።

ማፍያ ከየት ይምጣ? ሌላው አገር እድር የሚለው እኛ ጋ ቅሬ ነው። ሰው ለቅሶ እንዳይቀመጥ ስለተከለከለ የቅሬው ድስቶች ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጋ ሄጄ ስጠይቅ "የሐዘን ድስት ለቅማል?" ብለው ሳቁ፣ ከዚያ ትልቁንና አሮጌውን "ከእንግዲህ ለወጥ እንዳይመለስ" ብለው ሰጡን። የሰኞ ገበያ የሰልባጅ ነጋዴዎች ደግሞ ገዢ በጠፋበት ወቅት ከቦንዳቸው ቅያሪ ሱሪና ሹራብ አወጡልን። ልጁ ሲገባ የድሮ ልብሱ ድስት ይገባል፣ ግማሽ ሰዓት ይንተከተካል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅያሪ ይሆነዋል። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እየመጣች አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ እንዴት እንደሚበጠበጥ አሳየችን። ሳኒታይዘር የወርቅ ዋጋ ባወጣበት ጊዜ እሷ "ተራ የልብስ ሳሙና ይበቃል፣ የቫይረሱን የቅባት ልባስ የሚያፈርሰው ሳሙና ነው" ትል ነበር። እሷንም እግረ መንገዴን ላመስግን።

ክረምት መግቢያ ላይ ያ የማዳበሪያው ልጅ ታመመ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ መገጣጠሚያው ሁሉ። ጓደኞቹ ሸሹት፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ተቋም በር ላይ "ኮሮና ነው፣ ውሰዱት" ብለው ሳይነኩት መለሱን። የት እንደምንወስደው ሳይነግሩን! እትዬ ማስካቸውን አድርገው መጡና ራቅ ብለው ጠየቁት። "ከዚህ በፊት አሞህ ተሽሎህ ነበር?" አዎ አለ፣ ካንድ ሳምንት በፊት። "ይሄማ ግርሻ ነው፣ ልጅ ሆኜ ሰፈራችንን ጨርሶት ያውቃል" አሉ። እኛ እንግዲህ ሐኪም አይደለንም። የኮሮና ጥቆማ መስጫው 8335 ላይ ደወልን፣ ናሙናው ተወሰደ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየ። ግርሻ የሚባለው እያገረሸ የሚመለስ ትኩሳት ነበር፣ ያው የልብስ ቅማሉ የሚያስተላልፈው። የኮሮናው ውጤት ነጻ ሆኖ መጣ። መድኃኒቱን ከወሰደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ክፉኛ ሲንቀጠቀጥ ሞተብን ብዬ ነበር፣ ነርሱ ግን መድኃኒቱ ሥራ ሲጀምር እንደዚያ እንደሚያደርግና ለዚህም ሲባል እዚያው አቆይተው እንደሚጠብቁት አስረዳኝ። በሦስተኛው ቀን ቆርኪ ጠየቀኝ።

ደንበኛ ሸሸ ወይ? ሸሸ። አንዳንዱ ከደጅ አይቶ ይመለስ ነበር። አንድ የማውቀው ሰው "ቤቱን አቆሸሹት" ብሎ በየቡናው አወራ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ንጹህ ሆኖ እንደማያውቅ ግን አላወራም። እትዬ ያን ዓመት ብዙ ገንዘብ ከስረዋል፣ የእንጨቱ ዋጋ ብቻ ራሱን የቻለ ነው። ገንዘብ አሰባስበን ስንሄድ "በእሱ ቆርኪ ግዙበት" ብለው መለሱት። እንጨት ግን አንድ ጋሪ ተቀብለዋል። ሲመሽ በር ላይ ቡና አፍልተው፣ እኛንም በየኖራው ክብ ላይ ተራርቀን አስቀምጠው፣ "አብሽሩ፣ ያልፋል" ይሉን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደሴዎች ታውቁታላችሁ። 2014 ጦርነቱ መጣ፣ ከተማው ተበተነ፣ እኛም ተሰደን ተመለስን። ከነዚያ ልጆች አብዛኞቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ሻወር ቤቷ በሯ ተሰብሮ፣ አንድ ሮቶ ተበስቶ ነበር፣ ተጠገነች። የመጀመሪያውን ሳምንት የከፈቱት ተፈናቅለው ለመጡ እናቶች ነው፣ በዚያው ቆርኪ።

የማዳበሪያው ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፣ የሰው ነው፣ የቀን ገቢ እያስገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለት ቆርኪ ይገዛል፣ በአንዱ ይገባል፣ ሌላውን ለማን እንደሚሰጥ አይቼ አላውቅም።

እና እትዬ፣ ይሄንን የልጅ ልጅዎ ታንብብልዎት። እግዚአብሔር ይስጥልን። አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎት፣ እርስዎ እንደሚሉት። ያኔ "ማታ ይምጡ" ያልኩትን ይቅር ይበሉኝ።

ለሌሎቻችሁ፦ ከመናኸሪያ ስትወጡ ባጃጅ ይዛችሁ ሸዋበር በሉ፣ ደርሳችሁ የቆርኪዋ ሻወር ቤት የት ናት ብትሉ የሚያሳያችሁ አታጡም። ስልክ አልጽፍም፣ አይወዱም። ከ4 ሰዓት በፊት ከሄዳችሁ ወረፋ የለም። ነጠላ ጫማችሁን ያዙ። ትርፍ ቆርኪ መግዛት ይቻላል፣ እዚያው ጣሳው አጠገብ ብታስቀምጡት የሚፈልገው ያነሳዋል። እርዳታ ነው ምናምን ብላችሁ ብቻ እንዳታብራሩላቸው፣ ይቆጣሉ። የ3 ቁጥር መቆለፊያ ደግሞ አሁንም አይሠራም፣ ከውስጥ ባልዲውን አስደግፉት።