ሴቭን ከካርትሪጅ አውጥቶ መመለስ፦ የዩኤስቢ ማንበቢያዋ ከወራት በኋላ

ፍርዴን ከፊት ላስቀድም። የኒንቴንዶ የእጅ ኮንሶሎች የሆኑት የጌም ቦይና የጌም ቦይ አድቫንስ የድሮ ካርትሪጆች (ጌሙ ያለባቸው ካሴቶች) ካሏችሁና በውስጣቸው ያለው ሴቭ፣ ማለትም ጨዋታው የደረሰበት ተቀምጦ ያለው መረጃ፣ እንዲጠፋባችሁ ካልፈለጋችሁ ካርትሪጁን ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኘውን ይቺን ማንበቢያ ግዟት። ሴቩን አውጥታ፣ ምስጠራውን ፈትታ፣ አስተካክላ የምትሰጣችሁ ከመሰላችሁ ግን ተዋት። እሷ ባይት ታወጣለች፣ ባይት ትመልሳለች። ባይቱ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም፤ መበላሸቱንም አትነግራችሁም። በእነዚህ ወራት ያደነቅኳትም የተበሳጨሁባትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዓይነቷ የተለመደ ነው፦ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ሰሌዳ፣ ካርትሪጅ የሚሰካበት አንድ ማስገቢያ፣ በሌላው ጫፍ ዩኤስቢ፣ በጎኗ 5 ቮልት ወይም 3.3 ቮልት የምትመርጡበት ትንሽ ማብሪያ። ይህቺ ማብሪያ የዋዛ አይደለችም። ከ1989 ጀምሮ የወጡት የጌም ቦይ፣ በኋላም የጌም ቦይ ከለር ካርትሪጆች በ5 ቮልት ይሠራሉ፤ በ2001 የመጣው አድቫንስ ግን ወደ 3.3 ወርዷል። አድቫንስ ኮንሶሉ አሮጌውን ካርትሪጅ ከአዲሱ የሚለየው በፕላስቲኩ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹ በማስገቢያው ውስጥ ያለች መቀየሪያ ይጫናል ወይም አይጫንም። የኔዋ ማንበቢያ ይህን ለሰው እጅ ትታዋለች፤ ቁጥሮቹም በጣት ብዛት ተፋፍቀው ዛሬ በግምት ነው የሚነበቡት። 3.3 የለመደ ቺፕ ላይ 5 ቮልት መልቀቅ ቺፑን ሊገድለው ይችላል። ቮልቱን ራሷ የምትለይ ሞዴል ካለች ጥቂት ጨምሮ እሷን መግዛት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ማንበቡ ሳይሆን ጽዳቱ ነው። እያንዳንዱ የጌም ቦይ ካርትሪጅ በመጀመሪያዎቹ ባይቶቹ ውስጥ የኒንቴንዶን አርማ በ48 ባይት ይዟል፤ ኮንሶሉ ሲበራ አርማውን አመሳክሮ ካልተስማማ ጌሙን አያስነሳም። የማንበቢያዋም ሶፍትዌር ይህንኑ ያደርጋል፤ አርማው ትክክል ከሆነ አረንጓዴ ምልክት ያሳያችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። አርማው የተነበበው ከጌሙ ቺፕ ነው። ሴቩ ያለው በሌላ ቺፕ ላይ ነው፤ ያ ቺፕ እንዲከፈት ደግሞ ማንበቢያዋ መጀመሪያ ወደ ካርትሪጁ አንድ ትእዛዝ መጻፍ አለባት። የመጻፊያው እግር (ትእዛዙ የሚያልፍበት የካርትሪጁ የብረት መገናኛ) በቆሻሻ ከተሸፈነ ትእዛዙ አይደርስም፣ ቺፑም አይከፈትም፣ ሶፍትዌሩ ግን ምንም ሳይል 32 ኪሎባይት የሞላ ፋይል ያስረክባችኋል። ፋይሉን ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም (ሄክስ ኤዲተር) ስትከፍቱት ከላይ እስከ ታች 255 ብቻ ነው። መጠኑ ልክ ነው፣ ስሙ ልክ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። አረንጓዴውን ምልክት አይቶ «ባክአፕ አለኝ» ብሎ ሴቩን የሚያቆየውን የካርትሪጁን ባትሪ የነቀለ ሰው ሴቩን በገዛ እጁ ቀበረው ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ልማድ እንዲህ ሆኗል፦ እግሮቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ፣ ማንበብ፣ ካርትሪጁን ነቅሎ እንደገና ሰክቶ ደግሞ ማንበብ፣ ሁለቱን ፋይሎች ማነጻጸር። በአንድ ባይት እንኳ ከተለያዩ ሁለቱንም እጥላቸዋለሁ። ሳትነቅሉ ሁለቴ ማንበብ ብዙ አይረዳም፤ ያው መጥፎ ግንኙነት ያንኑ ስህተት ሊደግመው ይችላል።

የምትገዙበት ዋናው ምክንያት ባትሪው ነው። ለምሳሌ ፖኬሞን ጎልድን እንውሰድ። ሴቩ የተቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉን የሚረሳ ኤስራም የሚባል ማህደረ ትውስታ ላይ ነው፤ እንዳይረሳ የሚያደርገው ሰሌዳው ላይ የተበየደ ሲአር2025 የሚባል የ3 ቮልት ባትሪ ነው። ይኸው ባትሪ በተጨማሪ ቀንና ሌሊቱን የሚቆጥር ሰዓት ያንቀሳቅሳል። ሰዓቱ ኮንሶሉ ቢጠፋም ስለማይቆም ባትሪውን ሌት ተቀን ይበላዋል፤ ሰዓት የሌላቸው የቀደሙት ፖኬሞን ሬድና ብሉ ሴቫቸውን ይዘው ሳለ ጎልድና ሲልቨር ቀድመው የሚሞቱት ለዚህ ነው። ባትሪውን ስትነቅሉ ሴቩ አብሮ ይሄዳል። ያለ ማንበቢያ ይህን ለመቀየር ባትሪው ሲወጣ ሌላ ኃይል ጎን ለጎን እየሰጡ መበየድ ያስፈልጋል፤ እኔ ያንን ለማንም አልመክርም። በማንበቢያዋ ግን ሴቩን ታወጣላችሁ፣ የብረት ምላስ ያለው አዲስ ባትሪ ትበይዳላችሁ፣ ሴቩን ትመልሳላችሁ፣ አለቀ።

ሰዓቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሰዓቱ የሚነበበው በቺፑ ውስጥ ካሉ አምስት ትንንሽ የቁጥር ማኖሪያዎች ነው፦ ሴኮንድ፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የቀኑ ታችኛ ክፍል፣ የቀኑ ላይኛ ቢት ከሁለት ምልክቶች ጋር። ቀኑ እስከ 511 ቆጥሮ ወደ ዜሮ ይዞራል። የጌሙ ሴቭ ራሱ 32,768 ባይት ነው፤ ብዙ ኢሙሌተሮች (ኮንሶሉን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች) ሰዓቱን በፋይሉ ጅራት 44 ወይም 48 ባይት አድርገው ይቀጥሉበታል። የኔዋ ሶፍትዌር ጅራት ያለውን ፋይል «መጠኑ አይስማማም» ብሎ ይመልሰዋል። ትርፉን ቆርጣችሁ ስትሰጡት ይቀበላል፣ ሰዓቱን ግን በጌሙ ውስጥ እንደ አዲስ መሙላት ይጠበቅባችኋል። ይህን ያህል ጊዜ ሶፍትዌር ሲያሻሽሉ ይህችን ማለፋቸው አይገባኝም።

አድቫንስ ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ሴቭ የሚቀመጥበት ቺፕ አንድ ዓይነት አይደለም። 32 ኪሎባይት ኤስራም አለ፣ 512 ባይት ወይም 8 ኪሎባይት የሆነ ኢኢፕሮም አለ፣ 64 ወይም 128 ኪሎባይት የሆነ ፍላሽ አለ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ያለ ባትሪም አይረሱም። ካርትሪጁ «እኔ ይህ ነኝ» ብሎ የሚናገርበት ቦታ የለውም። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው የጌሙን ኮድ አስሶ ጌሙ ሲሠራ የተካተተው ሴቭ የሚያደርግ ዝግጁ የኮድ ስብስብ ጥሎት ያለፈውን ስም መፈለግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የሁለቱ ኢኢፕሮሞች ስም ግን አንድ ነው፤ ትንሹን ቺፕ በትልቁ ሥርዓት ከጠየቃችሁት የሚመጣው እርባና የሌለው ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ዓይነቱን በእጅ መምረጥ ይቻላል፤ ለዚህች አማራጭ አምራቾቹን አመሰግናለሁ።

የባሱት አስመስለው የተሠሩ ካርትሪጆች ናቸው። በኮዱ ውስጥ ያለው ስም 128 ኪሎባይት ፍላሽ ይላል፤ ሰሌዳው ላይ የተበየደው ግን ርካሽ ኤስራምና ባትሪ ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ባትሪውንም ትተው ሴቩን ራሱ ጌሙ በተጻፈበት ቺፕ ጥግ ላይ ያሸጉጡታል። ማንበቢያዋ ፍላሹን «ማን ነህ?» ብላ ስትጠይቅ ትርጉም የሌለው መለያ ይመለስላታል። ክፉ ጎኑ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ካርትሪጅ የእውነት መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መፈተሻ እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ምስጠራው እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ የጌም ቦይ ጌሞች ምስጠራ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ያለው ቼክሰም ነው፤ ዳታው አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት ድምር ማለት ነው። በፖኬሞን ሬድ ዓለም አቀፍ እትም፣ ከዜሮ ስንቆጥር ከ9,624ኛው እስከ 13,602ኛው ያሉት ባይቶች ይደመራሉ፣ የድምሩ ታችኛ 8 ቢት ይገላበጣል (0 የነበረው 1፣ 1 የነበረው 0 ይሆናል)፣ ውጤቱ 13,603ኛው ላይ ይቀመጣል። ካልተስማማ ጌሙ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ አይከፍትም። የፈረሰ ሴቭ ስታድኑ ያቺን አንዲት ባይት እንደገና ማስላት ብቻ ጌሙን ሊያስከፍተው ይችላል። ድምር ስለሆነ ግን ደካማ ነው፤ ሁለት ባይቶች ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ያው ነው።

ፖኬሞን ሩቢና ሳፋየር ላይ እውነተኛ መቆለፊያ ይጀምራል፤ እኔም ብዙ ምሽቶቼን የሰጠሁት እዚህ ነው። ሴቩ በ128 ኪሎባይት ፍላሽ ላይ ሁለት ቅጂ ሆኖ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቅጂ 14 ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል 4 ኪሎባይት ነው። ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ጌሙ የሚጽፈው አሮጌው ቅጂ ላይ ነው፤ ቆጣሪውም በአንድ ይጨምራል። ሲከፈት ትልቁን ቆጣሪ የያዘውን ያነባል፤ ያ ከተበላሸ ወደ ቀዳሚው ይመለሳል። ለሴቭ አዳኝ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሴቩ የጠፋ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እዚህ ግን ባትሪው ለሰዓቱ ብቻ ነው፣ ፍላሹ ያለ ባትሪም አይረሳም። የመጨረሻው ቅጂ ቢፈርስ እንኳ የቀደመው ብዙውን ጊዜ አለ፤ ጌሙ ባይቀበለው በእጅ ቼክሰሙን አስተካክሎ ማስቀበል ይቻላል።

በጌሙ ማከማቻ ሳጥን ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ፖኬሞን (ተጫዋቹ የያዘው ፍጡር) 80 ባይት ሲሆን 48ቱ ተመስጥረዋል። ቁልፉ ግን በሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ የፖኬሞኑ መለያ ቁጥርና የባለቤቱ ቁጥር ኤክስኦር በሚባለው ቢት በቢት የሚሠራ ስሌት ሲጣመሩ ቁልፉ ይወጣል፤ ሁለቱም ቁጥሮች በዚያው መዝገብ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ተቀምጠዋል። ከዚያ 48ቱ ባይቶች በ12 ባይት አራት ቁራጭ ናቸው፤ የቁራጮቹ ቅደም ተከተል መለያ ቁጥሩ ለ24 ሲካፈል በሚቀረው ይወሰናል። ለምን 24? አራት ነገር በ24 መንገድ ስለሚደረደር። ስትፈቱት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩት ነገር የሚያስደስት ነው፤ ትርጉም የለሽ የነበረው ረድፍ ድንገት የፖኬሞኑ ዝርያ፣ ልምድና የሚያውቃቸው ጥቃቶች ሆኖ ይነበባል። አንዲት ቢት ከተሳሳተች ግን የውስጥ ቼክሰሙ አይስማማም፤ ጌሙም ፖኬሞኑን ወደ «ባድ ኤግ» (መጥፎ እንቁላል) ይቀይረዋል። ማንበቢያዋ ስታነብ ያጠፋችው አንድ ቢት እንዲህ ያለ እንቁላል ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቴ አንብቦ የማነጻጸሩ ነገር እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል።

መመለሱ ከማውጣቱ ይልቅ ያስፈራል፤ ማስፈራቱም ተገቢ ነው። ፍላሽ ላይ ከመጻፍ በፊት የ4 ኪሎባይቱ ክፍል መደምሰስ አለበት። በመሐል ገመዱ ከተነቃነቀ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ፣ አንዱ ክፍል ባዶ ሆኖ ይቀራል። የኔዋ ማንበቢያ የዩኤስቢ ማስገቢያ ደግሞ ከወራት በኋላ ላልቷል፤ ሰሌዳዋን ከጠረጴዛው ጋር በማጣበቂያ ካላሰርኳት መጻፍ አልጀምርም። ሶፍትዌሩ ከጻፈ በኋላ መልሶ አንብቦ የማረጋገጥ ምርጫ አለው፤ ሲጫን ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ይህ ለምን እንደሆነ የሚገባው ካለ ይንገረኝ። መጀመሪያ የምታበሩት እሱን ይሁን።

ኒንቴንዶ ዲኤስና 3ዲኤስ የዚህች ማንበቢያ ክልል አይደሉም፤ ካርትሪጃቸው አይገባባትም። ቢሆንም ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ ልንካው። የዲኤስ ሴቭ ከቺፑ ሲወጣ ግልጽ ነው፤ ምስጠራ ካለ የጌሙ የራሱ ነው። 3ዲኤስ ላይ ግን የሚመሰጥረው ራሱ ኮንሶሉ ነው፣ ኤኢኤስ በሚባለው ጠንካራ የምስጠራ ዘዴ። በመጀመሪያዎቹ ጌሞች ላይ አንድ አሳፋሪ ቀዳዳ ነበር፦ ከዳታው ጋር የሚደባለቀው የቁልፍ ጅረት በየ512 ባይቱ ራሱን ይደግም ነበር። ባዶ ቦታው በአንድ ዓይነት ዋጋ የተሞላ በመሆኑ በፋይሉ ውስጥ አብዝቶ የሚደጋገመውን የ512 ባይት ብሎክ ፈልጎ በቀሪው ሁሉ ላይ ኤክስኦር ማድረግ ሴቩን ይከፍተው ነበር፤ ኤኢኤሱን ማንም ሳይሰብረው። ያ በር በኋላ በመጡት ጌሞች ተዘግቷል፤ ሴቩ ላይም የማረጋገጫ ፊርማ ስላለ ቺፑን በባዶው ማንበብ ዛሬ ብዙ አይጠቅምም። መንገዱ ኮንሶሉ ራሱ እንዲፈታው ማድረግ ነው፤ ይፋዊ ያልሆኑ ፕሮግራሞችን እንዲያስኬድ በተሻሻለ 3ዲኤስ ላይ የሚሠራው ቼክፖይንት የሚባለው ፕሮግራም ሴቩን ተፈትቶ ወደ ሚሞሪ ካርድ ያወጣዋል፣ በዚያው መንገድ ይመልሰዋል።

ያገለገለች ማንበቢያ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር ተመልከቱ። የማስገቢያው ፒኖች ከፍታቸው እኩል ይሁን፤ የኔዎቹ መጀመሪያ ላይ ካርትሪጅ የሚያቧጭሩ ጥብቅ ነበሩ፣ አሁን የዳር ዳሮቹ ዝቅ ማለት ጀምረዋል። ከዚያ የማትሳሱለትን አንድ የአድቫንስ ካርትሪጅ ሰክታችሁ አንብቡ፣ ጻፉ፣ መልሳችሁ አንብቡ፤ ፋይሎቹ እኩል ካልወጡ ገንዘቡን አትክፈሉ።