ሜዳ የሚወደው ዳይናሞ

ዳይናሞው አልተበላሸም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ከዚህ በታች የማማርረውን ያነበበ ሰው የተሰበረ ዕቃ የገዛሁ እንዳይመስለው። ይሠራል። የሚሠራው ግን ሻጩ በነገረኝ ሀገር ነው። እኔ ደግሞ የምነዳው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

የማወራው የሳይክል የፊት ጎማ ሞዞ ውስጥ፣ ማለትም ጎማው መሃል ባለው እምብርት ውስጥ፣ ስለተቀበረ ዳይናሞ ነው። ልጆች ሆነን በቻይና ሳይክሎች ላይ የምናውቀው፣ ጎማው ጎን ተለጥፎ ዝዝዝ እያለ ጉልበት የሚጨርሰው አይደለም። ይኼኛው ድምፅ የለውም። ጎማው ሲዞር ማግኔቱ አብሮ ይዞራል፣ ከውስጡ ከተጠመጠመው ሽቦ ኤሌክትሪክ ይወጣል። አንዱ መስመር ወደ ፊት መብራቱ ይሄዳል። ሌላው መሪው ሥር ወዳሰርኳት ትንሽ መቀየሪያ ይሄድና ለስልክ የሚሆን 5 ቮልት ይሆናል። የዩኤስቢ መሰኪያ አላት፣ ስልክህን ትሰካለህ፣ ትነዳለህ። ነገሩ ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው።

የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። ዋጋውን አልጽፍም፣ እናቴ ልታነበው ትችላለች። ሻጩ ጥሩ አፍ ነበረው። «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ቻርጅ የሚባል ነገር አያሳስብህም። ሀገር ብታቋርጥ ስልክህ አይዘጋም» አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የማስበው ሀገር ስለማቋረጥ ብቻ ነበር። ከሀዋሳ ተነስቶ አርባ ምንጭ፣ ቀጥሎ በዲላ ወደ ቡሌ ሆራ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን። ልቡ እዚያ ያለ ሰው ምን ቢነገረው ያምናል።

ሞዞውን ከቸርኬው ጋር የገጠመልኝ የሀዋሳ ሳይክል ሠሪ ነው። 32ቱንም የቸርኬ ሽቦዎች አንድ በአንድ ሰክቶ፣ በጣቱ እየመታ ድምፃቸውን እየሰማ አጠበቃቸው። እስከ ዛሬ ጎማው አልተወላገደም። ስለ እሱ ሥራ የምለው ይኼው ነው፣ ምክንያቱም ችግር ያልፈጠረብኝ ብቸኛው ክፍል እሱ የነካው ነው።

ሀዋሳ ግን ሰው ታታልላለች። ከተማው ሜዳ ነው። በሐይቁ ዳር አድርገህ፣ በፒያሳ ዞረህ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል ብትወጣ የሚያላብህ ፀሐዩ እንጂ ዳገቱ አይደለም። ሳይክል የሚበዛበት ከተማ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ሆኜ ስሞክረው ስልኩ እየሞላ፣ እኔ እየሳቅሁ ሰነበትን። ጓደኞቼን እያስቆምኩ አሳየኋቸው። አንዱ «መኪና ሆነሃል» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ 6 ቮልት፣ 3 ዋት ይላል። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል ደግሞ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚል አለ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ትንሽ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ዳይናሞው 3 ዋት የሚሰጥህ በዚያ ፍጥነት ስትነዳ ነው። ከዚያ በታች ስትወርድ ቮልቱም አብሮህ ይወርዳል። መቀየሪያዋ 5 ቮልት ማውጣት ስለሚያቅታት ስልኩን ትተወዋለች። መብራቱ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይበራል፣ ስልክ ግን ድብዝዝ ያለ ከረንት አይቀበልም። ወይ ይበቃዋል፣ ወይ አይበቃውም።

ሻጩ ይህን ቢሰማ የሚለውን አውቃለሁ። «15 ኪሎ ሜትር እኮ ምንም አይደለም፣ ሕፃንም ይነዳዋል።» እሺ ጌታው። ድንኳን፣ የመኝታ ልብስ፣ ሦስት ሊትር ውሃ፣ መፍቻ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ በሶ ጫንና ከሀላባ ወደ ቦዲቲ ና። ሀላባ ድረስስ ደግ ነው። ከሻሸመኔ በኋላ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ስለሚያደላ ስልኩም እኔም ደስ ብሎን ነበር። በርበሬ የተሰጣበትን እያየሁ፣ ፎቶ እያነሳሁ ነው የገባሁት። ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ይነሳል። ቦዲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው፣ የሶዶን ዳሞታ ተራራ ከሩቅ እያየህ ነው የምትገፋው። ፍጥነቴ በሰዓት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ነው። አንዳንዴ አህያ የጫኑ እናቶች ይቀድሙኛል። እዚህ 15 የሚነዳ ሕፃን ካለ ለኦሎምፒክ ይመዝገብልን።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አለመሙላቱ አይደለም። ዳገቱ ወጥ ስላልሆነ አንዴ ቀለል ይላል፣ አንዴ ይከብዳል። ቀለል ሲል ፍጥነቴ ይጨምርና ስልኩ ቲንግ ብሎ ከረንት ይቀበላል፣ ስክሪኑ ይበራል። ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ይቋረጣል፣ ስክሪኑ እንደገና ይበራል። ቲንግ፣ ብርት። ቲንግ፣ ብርት። ስክሪን ማብራት ራሱ ባትሪ ይበላል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ ስልኩ ከሥር ሲነሳ ከነበረው በታች ሆኖ አገኘሁት። ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ባትሪ የሚጨርስ ስልክ ያየሁት ያኔ ነው። ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

ይህ ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። መንገዱ አንድ ስለሆነ ካርታ አያስፈልገኝም። ስልኩ የሚያስፈልገኝ ለእናቴ ነው። መንገድ ላይ ስሆን ቶሎ ቶሎ ትደውላለች። ስልኬ ተዘጋ ማለት ሻሸመኔ ያሉት አክስቴ፣ ሶዶ ያለው የአክስቴ ልጅ፣ ምናልባት የማላውቀው ሰው ሁሉ ፍለጋ ይወጣል ማለት ነው።

«ፓወር ባንክ መሃል አስገባበት» የሚል ምክር ይመጣል። አስገብቻለሁ። ዳይናሞው ፓወር ባንኩን ይሞላል፣ ፓወር ባንኩ ስልኩን። የስክሪኑ መብራት ጣጣ ቀረ። የእኔ ፓወር ባንክ ግን ከረንቱ ሲቋረጥበት ይተኛል፣ ቁልፉን ካልተጫንከው አይነቃም። ሌላ ዓይነት ያላቸው ሰዎች የእነሱ ራሱ እንደሚነቃ ነግረውኛል። ይሁን። ግን ፓወር ባንክ ከያዝኩ ዳይናሞው ለምን አስፈለገኝ? ማታ ፔንሲዮን ገብቼ ግድግዳው ላይ ሰክቼ እተኛለሁ።

ሒሳቡን ደግሞ ሻጩ ባይሠራልኝም እኔ ሠርቼዋለሁ። 4000 ሚሊአምፔር የሚይዝ ስልክ ባትሪው 15 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ዳይናሞው በጥሩ ሜዳ ላይ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ 2 ተኩል ዋት ለስልኩ ቢያደርስ ለመሙላት ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። በመሃል የሚባክነው ሲጨመር ሰባትም ይደርሳል። ይህ ሳይወርዱ መንዳት ነው። አንድ ቡና ቤት ገብቼ፣ 20 ዋት ቻርጀሬን ሰክቼ፣ ሽሮ በልቼ ቡናዬን እስከ ቶና ብጠጣ ስልኩ አብዛኛው ይሞላል። በሀዋሳና በአርባ ምንጭ መካከል ደግሞ ቡና ቤት የሌለበት ከተማ አላየሁም። መብራት ይጠፋል፣ እውነት ነው፤ ቢጠፋም ቀጣዩ ከተማ ይኖራል። ይህ ዕቃ የሚያዋጣው ለቀናት ሶኬት የማያይ ሰው ነው። ከካይሮ ተነስተው ኬፕታውን ድረስ የሚወርዱት ፈረንጆች የኑቢያን በረሃ ሲያቋርጡ ሜዳውም አለ፣ ሶኬቱም የለም። ለእነሱ ይሸጥላቸው።

ሀላባ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ደረሰብኝ። የፊት ጎማ እሾህ ወጋው። ከመነዳሪው ሁለት ቦታ ስለተቀደደ ጎሚስታ ጋ ገባሁ። እኔ ውሃ ልገዛ ዞር ስል ልጁ ጎማውን ፈትቶ ሳብ አደረገው። የፊት ጎማ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው ብሎ የሚያስብ ጎሚስታ የት አለ? ሁለቱም ሽቦዎች ከመሰኪያቸው ተበጠሱ። ልጁ ከእኔ በላይ ደነገጠ። አልፈርድበትም፤ የምፈርደው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ለጉዞ ሳይክል በሠራው ፋብሪካ ላይ ነው። ሲሳብ በራሱ የሚለቅ መሰኪያ መሥራት ያን ያህል ከባድ ነው? ልጁ ሽቦውን በጥርሱ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በጥቁር ፕላስተር አሰረልኝ። ለእሱ ብር ሊቀበለኝ አልፈለገም። ፕላስተሩ እስካሁን አለ። በክረምት ወደ ዲላ ስወርድ ዝናብ ሲመታው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስቆም ጠረግ አደርገዋለሁ፣ ይተወዋል።

እስካሁን ያለው የዳገቱ ነው። አሁን የቁልቁለቱን ልንገራችሁ፣ ካልነገርኩ ግፍ ይሆንብኛል።

ከሶዶ ወደ ሁምቦ ሲወረድ ጎማው ይከንፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚወጣው ኃይልም ከ3 ዋቱ ያልፋል። ስልኩ አንዴ ቲንግ አለ፣ አልተቋረጠም። ከታች የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ውሃው እየታየ፣ ንፋሱ ፊቴን እየመታ፣ የባትሪው ቁጥር ይወጣል። ከዚያም በምዕራብ አባያ በኩል መንገዱ ብዙ አይጎዳም፣ ሙቀቱ ነው የሚከብደው። ሙዝ ተራ በተራ ከተዘረጋበት መንገድ ዳር ቆሜ ስበላ እናቴ ደወለች። ስልኩ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ሻጩ በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ቢኖር ሙዝ እጋብዘው ነበር።

መብራቱም ሌላ ታሪክ ነው። ሙቀቱን ለማምለጥ ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ ነው የምነሳው። ባትሪ አለቀ አላለቀ የሚባል ነገር የለም። ጎማው ከዞረ ይበራል፣ ስትቆምም ወዲያው አይጠፋም፣ የተጠራቀመ ከረንት ስላለው ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ያልጠበቅሁት ግን የሲኖትራኮቹን ነገር ነው። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሞተር ሳይክል እየመጣ ይመስለዋል። ረጅሙን መብራት ዝቅ ያደርግልሃል፣ መስመሩንም ይጠብቃል። ቀን ቀን ሳይክል መሆኔን እያየ ወደ አፈሩ የሚገፋኝ ሰው በጨለማ ያከብረኛል። ለዚህ ብቻ ብር ቢጠይቁኝ እከፍላለሁ፣ ያን ያህል ባይሆንም።

ይከብዳል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ዳገት ላይ ሁሉም ነገር ስለሚከብድ የእሱን ድርሻ መለየት አልቻልኩም።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ስሜ ወጥቷል። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶች «አንተ፣ ውጣና ፔዳል ምታልን» ይላሉ። ዳይናሞው ያለው ፊት ነው፣ ፔዳሉ የሚያዞረው የኋላውን ነው ብዬ ባስረዳም የሚሰማኝ የለም። አንድ ማታ ሳይክሉን ገልብጬ የፊት ጎማውን የሰፈር ልጆች በእጃቸው ተራ በተራ እንዲያዞሩ አደረግሁ። የጎረቤታችን የእትዬ ስልክ ሁለት በመቶ ጨመረ። ልጆቹ ደክመው ተበተኑ፣ እትዬ ግን እስከ ዛሬ ይመርቁኛል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ስማረር ሰምቶ «ታዲያ ለእኔ ሽጥልኝ» አለና ዋጋ ጠራ። የጠራው ከገዛሁበት ግማሽ አይሞላም። ተናደድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሁምቦ ቁልቁለት፣ ስለ ኩሽኔታው ጥንካሬ ስነግረው ቆየሁ። በመጨረሻ «አንተ ራስህ ሻጭ ሆንክ እኮ» አለኝ።

አልሸጥም። መስከረም ሲጠባ በዝዋይና በመቂ አድርጌ ወደ ሞጆ ልነዳ አስቤያለሁ፤ አርሲ ነጌሌን ካለፍክ ቀሪው በአብዛኛው ሜዳ ነው። እዚያ ካልሠራ ያኔ በጓደኛዬ ዋጋ እሰጠዋለሁ።