የፈሳሽ ፍግ ሃይድሮሜትር፦ ክረምቱንም በጋውንም ከተጠቀምኩበት በኋላ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይሄ ዕቃ ጉድጓዳችሁ ውስጥ ካለው ምን ያህሉ ፍግ፣ ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ ይነግራችኋል። ለዚያ ጎበዝ ነው። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ይነግረኛል ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ገንዘቡ ይቆጨዋል።

ቢሾፍቱ አካባቢ የወተት ላሞች አሉኝ። በረቱ የሚጸዳው በውሃ ነው፤ እበቱም ሽንቱም እጣቢውም ተጠራቅሞ አንድ ጉድጓድ ይገባል። ከዚያ በበርሜል እየቀዳን በአህያ ጋሪ ለዝሆን ሳሩና ለበቆሎው እናደርሳለን። ሃይድሮሜትሩን ሆላንድ ያለችው እህቴ በሻንጣዋ ይዛልኝ ስለመጣች ውድ ነው ርካሽ ነው የሚለው ውስጥ አልገባም። መልኩ ትልቅ ቴርሞሜትር ይመስላል። ላሞቹን የሚያልብልኝ ልጅ መጀመሪያ ያየው ዕለት «ጋሼ፣ እበቱ ትኩሳት አለው እንዴ?» አለኝ። እኛ ቤት እስከዛሬ ስሙ የእበት ቴርሞሜትር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍጉ ጠጣር በበዛበት ቁጥር ይከብዳል፤ ሲከብድ ደግሞ መለኪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር ደረቅ ይዘቱን፣ ማለትም ውሃው ቢተን የሚቀረውን፣ በመቶኛ ያሳያል። ያነበባችሁትን ይዛችሁ ወደ ሠንጠረዥ ትሄዳላችሁ። እኔ የምጠቀመው የእንግሊዞቹን አር ቢ 209 የሚባለውን የማዳበሪያ መመሪያ ነው። እሱ እንደሚለው 6 በመቶ ደረቅ ይዘት ያለው የከብት ፈሳሽ ፍግ በአንድ ሺህ ሊትር 2.6 ኪሎ ናይትሮጅንና 1.2 ኪሎ ፎስፌት አለው። 2 በመቶ ከሆነ ናይትሮጅኑ 1.6፣ ፎስፌቱ 0.6 ኪሎ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠጣሩ ወደ ሲሶ ሲወርድ ናይትሮጅኑ እንደዚያ አልወረደም፤ ምክንያቱም ብዙው ናይትሮጅን ከሽንቱ የመጣ አሞኒየም የሚባል የናይትሮጅን ዓይነት ሆኖ ውሃው ውስጥ ሟሙቷል። ሠንጠረዡ የተሠራው በእነሱ ላሞችና በእነሱ መኖ ነው። ገለባ፣ ፍሩሽካና ፋጉሎ ለምትበላ ላም ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

የናሙና አወሳሰዱ ላይ ነው ሰው የሚሰለቸው። ጉድጓዱ በደንብ ካልተማሰለ ከላይ የምትቀዱት ቀጭኑን ነው፤ ከታች ያለው ወፍራም ሌላ ዓለም ነው። እኔ ካማሰልኩ በኋላ ከተለያየ ቦታ በጆግ እየቀዳሁ ባልዲ ውስጥ እቀላቅላለሁ፤ ከዚያ ረጅም ጠባብ ዕቃ ውስጥ ገልብጬ መለኪያውን እጨምራለሁ። ወዲያው ካነበባችሁ አረፋው ያሳስታችኋል፤ ብዙ ከጠበቃችሁ ደግሞ ጠጣሩ ይዘቅጣል። አረፋው ጋብ ሲል፣ ሳይዘቅጥ፣ በመሃል ያለችውን ቅጽበት መያዝ ነው። ረጃጅም ገለባ ካለ በእጅ አውጡት፤ በወንፊት ግን አታጥሉት፣ ልትለኩት የፈለጋችሁትን ጠጣር ነው የምትደፉት። ፍጉ ወፍራም ከሆነ መለኪያው የተከላችሁበት ቦታ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በእኩል መጠን ውሃ አቅጥናችሁ ያነበባችሁትን በሁለት ማባዛት ነው።

እና እባካችሁ፣ ስታማስሉ ነፋስ ከጀርባችሁ ይሁን። ከታች የሚነሳው ጋዝ ይገድላል፤ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት አይደለም። ዕቃ ወደቀ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አይታሰብም።

እኔን ያስገረመኝ የክረምቱ ንባብ ነው። የጣሪያው ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ ግን 2 በመቶ እንኳ ሞልቶ የማያውቅ ቁጥር ሳይ አህያዋ ቀኑን ሙሉ የምትጎትተው ዝናብ መሆኑ ገባኝ። አምስት በርሜል፣ ማለትም አንድ ሺህ ሊትር፣ በ2 በመቶ የሚይዘው ናይትሮጅን ቢበዛ ሦስት ኪሎ ተኩል ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል ነው፤ እሱም ሁሉም ወዲያው ለተክሉ አይደርስም፣ ፀሐይ ላይ ከተደፋ ደግሞ አሞኒያው ይተንና ይሄዳል። የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ውጭ አዞርን፤ በረቱንም መጀመሪያ በአካፋ ጠርገን ነው አሁን የምናጥበው። በጋ ላይ ንባቡ ወደ 5 ወጣ። ጭነቱ ቀነሰ፣ ሳሩ ግን አልጎደለበትም። ለእኔ ዕቃው ዋጋውን የመለሰው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደማይችለው። ፖታሺየም ጨርሶ አያይም፤ አሞኒየሙንም እንደዚያው። ሁለቱም ሟሙተው ነው ያሉት፣ ይሄ ዕቃ ደግሞ የሚያየው ጠጣሩን ነው። ፖታሺየም ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የዝሆን ሳር ያገኘውን ያህል ይምጋል፣ ያንን ሳር ለመውለድ ለደረሱ የነጠፉ ላሞች ካበዛችሁባቸው ሲወልዱ በካልሲየም ማነስ ይወድቃሉ። ለእሱ ብዬ፣ የሟሟ ነገር ሲበዛ ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ፣ ያንን የሚለካውን በብዕር መልክ የሚሸጥ መለኪያ ሞክሬያለሁ፤ ካላቀጠንኩለት ከአቅሙ በላይ ነው። የትኛው ጉድጓድ ከየትኛው ይበልጣል ለሚለው ይረዳል፣ ከዚያ አያልፍም።

ሌላው የቢሾፍቱ ችግር ነው። ግቢያችን ሬድ አሽ የለበሰ ስለሆነ በታጠበ ቁጥር ድቃቁ ጉድጓድ ይገባል። ድንጋይ ነው፣ ይከብዳል፣ ንባቡን ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ ንጥረ ነገር ግን የለውም። ባልዲው ስር ቀይ ነገር ከቀረ ያን ንባብ አላምነውም። ሲያጠራጥረኝ መቶ ግራም መዝኜ በአሮጌ ኦቭን በ105 ዲግሪ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አደርቀዋለሁ፤ የቀረው ግራም መቶኛው ነው። ድንጋዩንም ስለሚቆጥር ለሬድ አሹ መፍትሔ አይሆንም፣ መለኪያው ራሱ መስነፉን ግን ያጋልጣል። ኦቭኑ ጓሮ ነው ያለው። ቤት ውስጥ ሞክሬ ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም።

ላብራቶሪም ልኬ ነበር። ውጤቱ እስኪመጣ ፍጉ ተበትኖ አልቋል። ደረቅ ይዘቱ ከእኔ ንባብ ብዙ አልራቀም፤ ፖታሺየሙን ያወቅኩት ግን ከእነሱ ነው። የምትልኩ ከሆነ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሳትሞሉት፣ በበረዶ አድርጉ።

ዕቃው መስታወት ስለሆነ በፎጣ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው፤ ወዲያው ካልታጠበ ደግሞ የደረቀው እበት ራሱ ክብደት ይጨምርበታል። ሁለት ሦስት ላም ኖሯችሁ እበቱን ኩበት የምታደርጉ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። በውሃ የምታጥቡና በጋሪ ወይም በቦቴ የምታመላልሱ ከሆነ ግን ግዙት። አሞኒየሙን በኬሚካል የሚለካውን ሌላውን ዕቃ እህቴ ልላክልህ ብላ ነበር። ኬሚካሉ ባለቀ ቁጥር ሻንጣ መጠበቅ ስለማልፈልግ ይቅር አልኳት።