ሽንት ሲያቃጥል፦ የህንድ ክኒን ወይስ የሐኪም ማዘዣ? ዋጋው ተሰልቷል

«እህቴ፣ ያቺ የህንድ ክኒን ስሟ ማን ነበር?» የሚል የድምፅ መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ዱባይ፣ ዴራ ሱቅ ውስጥ ስለምሠራ መድኃኒት ቤቱን ሁሉ የማውቅ ይመስላቸዋል። ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ ሥራው እስኪያልቅ ሽንታቸውን ይዘው የሚውሉ፣ ውኃ እንኳ በወጉ የማይጠጡ። ከእንግዲህ ይህንን ነው የምልክላቸው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ የሐኪሙ መንገድ ይሻላል።

እኛ «ብርድ መታኝ» እንላለን። ብርድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኮላይ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሽንት ፊኛ ወጥቶ ነው። የሴት የሽንት ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገዱ አይርቀውም።

አዩርቬዳ የተባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና ሽንት ሲቸግርና ሲያቃጥል «ሙትራክሪችራ» ይለዋል። ጎክሹራ፣ ፑናርናቫ፣ ቫሩና የተባሉ ዕፅዋት ይሰጡበታል። ጎክሹራ ያው የእኛው ኩርንችት ነው፤ በልጅነቴ እግሬን ሲወጋኝ የኖረውን እሾህ እዚህ በድርሃም ገዛሁት። ሽንት ያበዛሉ ተብለው ነው የሚታዘዙት፤ ባክቴሪያውን በማጥፋት በኩል ግን እንደ አንቲባዮቲክ በደንብ የተፈተኑ አይደሉም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሂማላያ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ሲስቶን የሚባል የአዩርቬዳ ክኒን፣ 60 ፍሬውን በ38 ድርሃም ገዛሁ፤ ርካሽ መሰለኝ። በቀን 4 ፍሬ ሲዋጥ በ15 ቀን አለቀ። የአዩርቬዳ ሐኪሙ «6 ሳምንት ውሰጂ» ብሎኝ ነበርና ሦስት ዕቃ፣ 114 ድርሃም። ለእሱ መታያ 100። ድምር 214።

ያለ ኢንሹራንስ ክሊኒክ ስሄድ ደግሞ መታያ 80፣ የሽንት ምርመራ 25፣ ናይትሮፉራንቶይን የሚባለው አንቲባዮቲክ 32፤ ድምር 137። ሕመሙ የሚመላለስባችሁ ከሆነ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ የሽንት ምርመራ) ያስፈልጋል፤ እኔ 90 ከፈልኩ፣ 227 ሆነ። አዎ፣ በ13 ድርሃም ይበልጣል። ግን ናይትሮፉራንቶይኑ በቀን ሁለቴ፣ 5 ቀን ብቻ ነው።

ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ የማደላው ፎስፎማይሲን ለሚባለው አንቲባዮቲክ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቁት። 3 ግራም ዱቄት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ማታ ሽንቷን ሸንታ፣ በውኃ በጥብጣ ጠጥታ ትተኛለች፤ ክኒን መደበቅ የለ፣ ሰዓት መቁጠር የለ። እኔ በ58 ገዝቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የሚመጣውን ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ግን ተዉት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 ሌላ አማራጭ ላለው ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው ጅማትና ነርቭ ስለሚጎዳ ነው።

«እኔን ግን ክኒኗ አድናኛለች» የምትሉ አላችሁ። አምናችኋለሁ፤ እኔንም መጀመሪያ ላይ ተሽሎኝ ነበር። በ2015 የወጣ የጀርመን ጥናት ላይ ባክቴሪያ የማይገድለውን የሕመም ማስታገሻ፣ ኢቡፕሮፌን ብቻ ከወሰዱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ያለ አንቲባዮቲክ ድነዋል። ቀላሉ ሕመም በራሱም ይሄዳል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ያን ሰሞን የተዋጠው ነው።

የእኔ ጥፋት የመጣው በሦስተኛው ጊዜ ነው። አንዲት ሴት «ቻንድራፕራብሃ የሚባለው የአዩርቬዳ ክኒን ነው፣ ከህንድ በእጅ የመጣ» ብላ በፌስታል የተቋጠረ ጥቁር ክኒን በ60 ድርሃም ሸጠችልኝ። ስም የለው፣ ቀን የለው። 8 ቀን ዋጥኩ። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎኔን ይዞ የሚያስጮህ ሕመም፤ ኩላሊቴ ደርሷል። ግሉኮስና መርፌ፣ 1,400 ድርሃም። ውስጡ ምን እንደነበር እግዜር ይወቅ። በ2008 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ እንዳለበት አግኝቷል። «ራሳ ሻስትራ» የሚባለው ዘርፍ ደግሞ ብረታ ብረት የሚጨምረው ሆን ብሎ ነው።

ስለዚህ አዩርቬዳውን ካልተውኩ የምትል፣ ከመድኃኒት ቤት፣ የታሸገውን፣ የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ያለውን ትግዛ፤ ለሐኪሟም ትንገር። ናይትሮፉራንቶይን እየወሰዳችሁ ደግሞ ሽንት ሲያቃጥል የሚጠጣውን፣ ውኃ ውስጥ አረፋ የሚያወጣውን የሲትሬት ዱቄት አትጨምሩበት፤ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሽንት አሲድ ሲሆን ነው፤ ዱቄቱ አሲዱን ይቀንሰዋል። እኔ አንድ ሳጥን በ22 ገዝቼ ሁለቱንም አብሬ ስጠጣ ከርሜያለሁ።

ከሁሉም የረከሰው ውኃ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ሕመሙ የሚመላለስባቸውና ውኃ የማይጠጡ 140 ሴቶችን ዓመት ሙሉ ተከታትሏል፤ በቀን 1.5 ሊትር የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ። ይህ መከላከያ እንጂ የያዘውን ማዳኛ አይደለም።

ትኩሳት፣ የጎን ሕመም፣ ትውከት ወይም እርግዝና ካለ ግን የዋጋ ንጽጽር የለም፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ነው።

ሦስተኛዋ ሲስቶን እስከ ዛሬ አልተከፈተችም። መድኃኒት ቤቱ «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ፤ 38 ድርሃሜ መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች።